ዘይት የሚያፈስ ሞተርና የጋራዥ አማርኛ
የአንድ የሞያ ቃላት ዘርፍ ታሪክ

«ዘይት ያፈሳል» የሚለው ዐረፍተ ነገር ያገለገለ መኪና በሚሸጥበትና በሚገዛበት ስፍራ ሁሉ የሚሰማ ነው። በሁለት ቃላት ያለቀ ቢሆንም አራት ጥያቄዎችን ሳይመልስ ያልፋል፤ ይኸውም የትኛው ዘይት? ከየት? በምን ያህል መጠን? በምን ምክንያት? የሚሉትን ነው። የአራቱ ጥያቄዎች መልስ በገዢው ኪስ ላይ የሚያመጣው ልዩነት ቀላል አይደለም። ዘይቱ ከባልቦላው ክዳን ሥር የሚወጣ ከሆነ ጥገናው በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። ከሞተሩ ዋና ዘንግ የኋላ ጫፍ የሚወጣ ከሆነ ግን ካምቢዮውን ወይም ሞተሩን ማውረድ ግድ ይሆናል። ሁለቱም ግን በአንድ ስም «ያፈሳል» ይባላሉ።

ሞያተኛው ይህን ልዩነት የሚገልጽባቸው ቃላት አሉት። ቃላቱም ከልዩ ልዩ ዘመንና ከልዩ ልዩ ቋንቋ የተሰበሰቡ ናቸው። በዚህ ጽሑፍ የምንሞክረው የነዚህን ቃላት አመጣጥ በቅደም ተከተል መመልከት፣ ቀጥሎም ለተርጓሚና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጅ የሚሰጡትን ትምህርት ማመልከት ነው። በምሳሌነት የያዝነው ላንድሮቨርን ነው። የዚህ መኪና አሠራር ዘይት ሊወጣባቸው የሚችሉትን ቦታዎች ለይቶ ለማሳየት የተመቸ ነውና።

1. ስለ መኪናው

ላንድሮቨር ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት የቀረበው በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1940 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 30 ቀን 1948) ነው። ሐሳቡን ያመነጨው የሮቨር ኩባንያ የምሕንድስና ኀላፊ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ ሲሆን፣ ለሐሳቡም መነሻ የሆነው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ያገለገለው የአሜሪካ ጂፕ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በራሽን ይታደል ስለ ነበረ አካሉ ከአሉሚኒየም ቅይጥ ተሠራ። ሁለተኛው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፤ ሦስተኛው ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 ሲሠራ ቆየ። በነዚህ ተከታታዮች በብዛት የተገጠመው ሞተር 2.25 ሊትር የሚይዘው ባለ አራት ፒስቶን ሞተር ነው።

ለጉዳያችን የሚጠቅመው የዚህ መኪና አንድ ልዩ ነገር በፍሪሲዮን ቤቱ ግርጌ የሚገኘው ትንሽ ቀዳዳ ነው። መኪናው ወንዝ በሚሻገርበት ጊዜ ውሃ እንዳይገባ ቀዳዳው በውታፍ ይደፈናል፤ ከተሻገረ በኋላ ግን ውታፉ መነቀል አለበት። ያለዚያ በቤቱ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት መውጫ አጥቶ ፍሪሲዮኑን ያረጥባል፤ ፍሪሲዮኑም መንሸራተት ይጀምራል። እንግዲህ ከዚህ ቀዳዳ ዘይት መንጠብጠቡ ብቻውን ስለ ምንጩ አይናገርም። ቤቱ ከፊት በኩል ሞተሩን፣ ከኋላ በኩል ካምቢዮውን ስለሚያዋስን ጠብታው ከሁለቱ ከአንዱ ይመጣል። ይህን መለየት የምርመራው ቁልፍ ነው፤ ኋላ እንመለስበታለን።

2. የቃላቱ ንብርብር

አውቶሞቢል ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ነው። ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት ከመኪና ጋር የተያያዙት ቃላት በከፊል በፈረንሳይኛ በር ገቡ። የጅቡቲው ምድር ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ መድረሱ ለዚህ ቋንቋ ሰፊ መንገድ ከፍቶለት ነበርና። ዛሬም «ሹፌር» እና «ጋራዥ» የምንላቸው፣ እንዲሁም የቦታ ስም ሆኖ የቀረው «ለገሃር» የዚያ ዘመን ቅርሶች ናቸው። እነዚህ ቃላት ሰውየውንና ስፍራውን ይጠራሉ እንጂ ወደ ሞተሩ ውስጥ አይገቡም።

ወደ ሞተሩ ውስጥ የገባው ጣልያንኛ ነው። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በነበረው የወረራ ዘመን ጭነት መኪናዎች፣ የጥገና ቤቶችና የመንገድ ሥራዎች በዙ። ከነጻነት በኋላም በርከት ያሉ ጣልያናውያን ሞያተኞች በአገሩ ቀርተው ጋራዥ ይዘው ሠሩ፤ የኢትዮጵያ ወጣቶችም ከነሱ ዘንድ ሞያውን በእጅ ተማሩ። ቃሉ ከመሣሪያው ጋር ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈ። ጎማ፣ ካንዴላ፣ ፖምፓ፣ ፊልትሮ፣ ኩሽኔታ፣ ባልቦላ፣ ቴስታታ፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካቻቢቴ የሚሉት ሁሉ በዚህ መንገድ የመጡ ናቸው።

የቃላቱ ድምፅ ራሱ በጆሮ መወረሳቸውን ይመሰክራል። የጣልያንኛው «ቫልቮላ» «ባልቦላ»፣ «ካቻቪቴ» ደግሞ «ካቻቢቴ» መሆናቸው አማርኛ የ«ቭ»ን ድምፅ በ«ብ» እየተካ የመቀበል ልማዱን ያሳያል። እንዲሁም በጣልያንኛ «ፍሪትስዮኔ» ተብሎ የሚነበበው ቃል «ፍሪሲዮን»፣ «ጓርኒትስዮኔ» የሚባለውም «ጓርኒሲዮን» ሲሆን፣ በሁለቱም ላይ የመካከሉ ድምፅ ወደ «ስ» ተለውጧል፤ የመጨረሻውም አናባቢ ወድቋል። ለውጡ ሥርዐት ያለው ነው፤ የተበላሸ ንግግር ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ቃላቱን የተቀበለው ሕዝብ በራሱ ቋንቋ ሕግ አርሞ ነው የተቀበላቸው።

ሦስተኛው ንብርብር እንግሊዝኛ ነው። ይህም በትምህርት ቤት፣ በመሥሪያ ቤትና በመመሪያ መጽሐፍ በኩል የገባ ነው። በግንቦት 1945 ዓ.ም. ከአሜሪካ ጋር የተፈረመው የወታደራዊ ርዳታ ስምምነትና እስከ 1969 ዓ.ም. የቆየው የአሜሪካ ወታደራዊ ቡድን ለዚህ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። የጣልያንኛው ቃል በአፍ ሲተላለፍ የእንግሊዝኛው በወረቀት መምጣቱ አንድ ልዩነት ፈጥሯል። ይኸውም ጠጋኙ በአንዱ ቋንቋ ሲናገር፣ የዕቃ መጠየቂያውን የሚሞላው ጸሐፊ በሌላው መጻፉ ነው። ተርጓሚው በሁለቱ መካከል ይቆማል።

3. ምርጊት፣ ጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ

አማርኛ ፈሳሽ እንዳይወጣ የመከልከልን ነገር የሚገልጹ ቃላት አያንሱትም። ጋን ይመረጋል፤ የሚመረግበትም ጭቃ ምርጊት ይባላል። ቅል ይወተፋል፤ መወተፊያውም ውታፍ ነው። ቀዳዳ ይደፈናል፤ ድስት ይከደናል። እነዚህ ቃላት አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ የሚታሸጉት ሁለት ነገሮች አይንቀሳቀሱም። የአረቄ ማውጫ ጋንና መቃው የሚጋጠሙበት ቦታ ሲመረግ ሁለቱም በቦታቸው እንደ ቆሙ ናቸው።

በሞተር ውስጥ ግን ሁለት ዐይነት መከላከያ ያስፈልጋል። አንደኛው በቡሎን ተጣብቀው በቆሙ ሁለት የብረት ገጾች መካከል የሚገባው ነው፤ ከቡሽ፣ ከወረቀት፣ ከጎማ ወይም ከስስ ብረት ይሠራል። ይህ ጓርኒሲዮን ነው፤ ግብሩም ከምርጊት ግብር ጋር ይቀራረባል። ሁለተኛው በደቂቃ በሺ የሚቆጠር ዙር የሚዞረውን ዘንግ ከቆመው ቤቱ ጋር የሚያዋስን፣ ዘንጉን ሳይጨብጥ ዘይቱን ብቻ የሚመልስ ቀለበት ነው። ይህን ጣልያንኛ «ፓራኦሊዮ» ይለዋል፤ «ዘይት ከላካይ» እንደ ማለት ነው። በጋራዥም ያው ስም ከነ አጫጭር ቅርጾቹ ይነገራል።

የሁለተኛው ዐይነት ታሪክ ረዥም አይደለም። በቀደሙት ሞተሮች የዘንግ ጫፍ በተጎነጎነ ገመድ ወይም በቆዳ ይከለል ነበር። በጀርመን አገር ዋይንሃይም በሚገኘው የፍሮይደንበርግ የቆዳ ፋብሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1929 ቫልተር ዚመር የተባለ ኦስትሪያዊ መሐንዲስ ቆዳን በብረት ቤት ውስጥ ያስገባ ቀለበት ሠራ። ቀለበቱም በስሙ ተጠራ፤ ስሙም በጀርመንኛ የነገሩ ሁሉ መጠሪያ እስከ መሆን ደረሰ። በኋላም ሰው ሠራሽ ጎማ የቆዳውን ቦታ ወሰደ። የቤታችን ሸክላ የማይዞር ስለ ሆነ አማርኛ ለዚህ ነገር ከጥንት የተዘጋጀ ቃል አልነበረውም። ስለዚህ ከጣልያንኛ የተዋሰው ጥንድ ቃል ትርፍ አልነበረም፤ ቋንቋው ያልነበረውን መለያ ነው ያመጣለት።

አንዳንድ ጊዜ ሁለቱንም «ማሸጊያ» በሚል አንድ ቃል ለመተካት ይሞከራል። ቃሉ ንጹሕ አማርኛ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ጓርኒሲዮኑንም፣ ፓራኦሊዮውንም፣ ከቱቦ እየተጨመቀ የሚቀባውንም ማጣበቂያ ስለሚያጠቃልል በመለዋወጫ መደብር ለቆመ ሰው አይበቃውም። ከዚህ የባሰው ደግሞ ከጠቅላላ መዝገበ ቃላት የሚገኘው ፍቺ ነው። የእንግሊዝኛውን «ሲል» ማኅተም፣ የዘይት መያዣውን ኮፓ መጥበሻ፣ የሞተሩን መወዛት ልቅሶ የሚያሰኝ ትርጉም በቃል ደረጃ ሲታይ የታመነ፣ በሞያ ደረጃ ሲታይ ግን ባዶ ነው።

4. ወዛ፣ አቀረረ፣ አንጠባጠበ

ከመጠን አንጻር «ያፈሳል» የሚለው ግሥ ብቻውን አይበቃም። ለመሆኑ ግሡ ራሱ አሻሚ ነው። «ጀበናው ያፈሳል»፣ «ጣሪያው ያፈሳል» ስንል ዕቃው ቀዳዳ አለው ማለታችን ነው። «ልጁ ውሃ አፈሰሰ» ስንል ግን ሰው የሠራውን ድርጊት መናገራችን ነው። ይህ የሰዋስው ነጥብ በጋራዥ ውስጥ ዋጋ አለው። ዘይት ሲሞላ ወይም ፊልትሮ ሲቀየር የፈሰሰ ዘይት በሞተሩ ጎን ወርዶ የቀረ እንደ ሆነ፣ በማግሥቱ ሞተሩ ያፈሰሰው ይመስላል። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሞተሩ ነው ያፈሰሰው ወይስ ሰው?» የሚል ነው።

የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የተሽከርካሪ መመሪያዎች የፈሳሽ መውጣትን በሦስት ደረጃ ይከፍሉታል። በአንደኛው ደረጃ ቦታው ይረጥባል ወይም ቀለሙ ይለወጣል፤ ጠብታ ግን አይፈጠርም። በሁለተኛው ጠብታ ይፈጠራል፤ ነገር ግን አይወድቅም። በሦስተኛው ጠብታው ይወድቃል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ደረጃዎች የፈሳሹን መጠን እየተቆጣጠሩ መኪናውን መንዳት ይቻላል፤ ሦስተኛው ግን ወዲያው ለጠጋኝ ሊነገር ይገባል።

ለነዚህ ሦስት ደረጃዎች አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ አማርኛ አዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል። የመጀመሪያው «ወዛ» ነው። ፊት ይወዛል፤ ወዝም በገጹ ላይ ይታያል እንጂ አይወርድም። ሁለተኛው «አቀረረ» ነው። ዐይን እንባ አቀረረ የሚባለው እንባው ሞልቶ በሽፋሽፍት ላይ ሲቆም፣ ገና ሳይወርድ ነው፤ የጠብታውን ሁኔታ ከዚህ አሳምሮ የሚገልጽ ቃል አናውቅም። ሦስተኛው «አንጠባጠበ» ነው። «አዠ» የሚለው ግሥ ግን ከቁስል ጋር የተያያዘ በመሆኑ በቃሉ ውስጥ የሕመምን ፍርድ ይዟል፤ ስለዚህ ገና ላልተመረመረ ነገር ባይሰጥ ይመረጣል።

ደረጃው በቁጥርም ሊታይ ይችላል። 20 ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ያህላል ቢባል፣ በየደቂቃው አንድ ጠብታ የሚጥል ሞተር በ24 ሰዓት 1440 ጠብታ፣ ማለትም 72 ሚሊ ሊትር ያጣል፤ ይህም በወር ከ2 ሊትር ይበልጣል። በአንጻሩ የወዛ ሞተር ለዓመታት ቢወዛ የዘይቱ መጠን በመለኪያው ዘንግ ላይ ይህ ነው የሚባል ለውጥ ላያሳይ ይችላል። ሻጭና ገዢ «ያፈሳል»፣ «አያፈስም» እያሉ ሲከራከሩ ብዙ ጊዜ ሁለቱም እውነት ይናገራሉ፤ የጎደላቸው የደረጃ ቃል ነው።

5. ምንጩን የማግኘት ጥበብ

ዘይት ወደ ታች ይወርዳል፤ መኪናው በሚሄድበት ጊዜ ደግሞ ነፋሱ ወደ ኋላ ይገፋዋል። በዚህ የተነሣ ከሁሉ በላይ የረጠበው ቦታ ብዙውን ጊዜ መድረሻው ነው እንጂ ምንጩ አይደለም። ሞያተኛው የሚፈልገው ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን እርጥብ ነጥብ ነው። ለዚህም ሞተሩ ታጥቦ ይደርቃል፤ ተጠርጣሪው ቦታ ላይ ነጭ ዱቄት ይነሰነሳል፤ ከዚያም ሞተሩ ሞቆ እስኪሠራ ድረስ ይቆያል። ዘይቱ በዱቄቱ ላይ የመጀመሪያውን መሥመር ሲያሰምር ምንጩ ይታወቃል። ዛሬ በዘይቱ ውስጥ ቀለም ጨምሮ በልዩ ብርሃን መመልከትም የተለመደ ነው፤ መርሑ ግን ያው ነው።

ከዚህ የምንረዳው አንድ ነገር አለ። ማጠብ የምርመራ መጀመሪያ ነው፤ ለሽያጭ በቀረበ መኪና ላይ ግን ማስረጃ ማጥፊያ ሊሆን ይችላል። አካሉ ጭቃ የለበሰ፣ ሞተሩ ብቻ ታጥቦ የሚያብረቀርቅ መኪና ገዢውን ሊያሳስበው ይገባል። እንዲህ ያለውን ሞተር አሙቆ፣ ጥቂት ነድቶ፣ ከሥሩ ንጹሕ ካርቶን አንጥፎ ማሳደር ይበጃል።

በላንድሮቨሩ 2.25 ሊትር ሞተር ላይ ከላይ ወደ ታች ስንመለከት፣ በመጀመሪያ የባልቦላው ክዳን የቡሽ ጓርኒሲዮን ይገኛል። ቡሽ በዕድሜ ይደርቃል፤ ከልክ በላይ ሲጠብቅም ይሰነጠቃል። ከዚያ ዝቅ ብለው በሞተሩ ጎን የሚገኙት የጎን ክዳኖች አሉ። ከነዚህ የሚወርደው ዘይት በሞተሩ ጎን ተንሸራትቶ እስከ ፍሪሲዮን ቤቱ ስለሚደርስ የኋላው ፓራኦሊዮ የተበላሸ ያስመስላል። ከፊት የጊዜ ሰንሰለቱ ክዳንና ፓራኦሊዮው፣ ከሥር ኮፓው፣ ከኋላ የዋናው ዘንግ ፓራኦሊዮ ይከተላሉ።

አሁን ወደ ፍሪሲዮን ቤቱ ቀዳዳ እንመለስ። ከቀዳዳው የወደቀውን ጠብታ በጣት ወስዶ ማየትና ማሽተት ያስፈልጋል። ያገለገለ የሞተር ዘይት ጥቁርና ቀጠን ያለ ነው። የማርሽ ዘይት ወፍራም ነው፤ በውስጡ ባለው የድኝ ውሁድ ምክንያትም የሚታወቅ ከባድ ሽታ አለው። የመጀመሪያው ወደ ሞተሩ፣ ሁለተኛው ወደ ካምቢዮው መግቢያ ዘንግ ያመለክታል። ክርክሩን የሚፈታው አፍንጫ ነው።

ከሁሉም በፊት ግን የሞተሩ መተንፈሻ ይመርመር። በፒስቶኖቹ ጎን የሚያመልጠው ጋዝ በመተንፈሻው በኩል መውጫ ካጣ በሞተሩ ውስጥ ግፊት ይፈጠራል፤ ግፊቱም ዘይቱን በደካማው ቦታ ሁሉ ይገፋዋል። እንዲህ ባለ ጊዜ ፓራኦሊዮ መቀየር ሕመሙን ትቶ ምልክቱን ማከም ነው፤ አዲሱም ሳይቆይ ያንጠባጥባል። በምክንያትና በምልክት መካከል ያለውን ይህን ልዩነት መግለጽ የማይችል ትርጉም ባለ መኪናውን ለሁለት ጊዜ ወጪ ይዳርገዋል።

6. «ዘይት» የሚለው ቃል

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ «ዘይት» የሚለው ቃል አንድ ነገር ብቻ እንደሚያመለክት አድርጎ ነው። ነገሩ ግን እንዲህ አይደለም። ቃሉ ሴማዊ ነው፤ በግእዝ የወይራ ፍሬን ጭማቂ ያመለክታል። በአማርኛ የምግቡንም፣ የሞተሩንም፣ የካምቢዮውንም ያጠቃልላል፤ ከዚያም አልፎ «የፍሬን ዘይት» እንላለን።

የመጨረሻው አነጋገር አደገኛ ነው። በላንድሮቨርና በአብዛኞቹ መኪናዎች ፍሬን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የማዕድን ዘይት አይደለም፤ ከግላይኮል ወገን የሆነ ኬሚካል ነው። የፍሬኑ ጎማዎች የተሠሩት ለዚህ ፈሳሽ ነው። ስሙን አምኖ የሞተር ዘይት የጨመረበት ሰው ጎማዎቹ አብጠው፣ ፍሬኑም ከነጭራሹ ተበላሽቶ ያገኘዋል። እንግሊዝኛ ሁለቱን በሁለት ቃል ሲለይ አማርኛ በአንድ ማጠቃለሉ በቋንቋው ላይ ነውር አይሆንም፤ በመመሪያ መጽሐፍ ላይ ግን የሰው ሕይወት የሚያስከፍል ቸልተኝነት ይሆናል። ስለዚህ በጽሑፍ ሁሉ «የፍሬን ፈሳሽ» የሚለው እንዲጸና እንመክራለን። ቃሉ ግልጽ ነው፤ ማንም ሳይተረጎምለት ይረዳዋል።

7. ማጠቃለያ

ከዚህ አጭር ታሪክ ሦስት ነገሮችን እንቀስማለን። አንደኛ፣ የጋራዡ ውስ ቃላት በቋንቋው ሕግ የተገሩ፣ በሥራ የተፈተኑና ልዩነትን የሚያሳዩ ስለ ሆኑ በመዝገበ ቃላት ውስጥ ከነ አመጣጣቸውና ከነ ግብራቸው በዋና ቃልነት ሊገቡ ይገባል። ጓርኒሲዮንና ፓራኦሊዮ በአንድ ፍቺ ሥር መጠቃለል የለባቸውም። ሁለተኛ፣ የነባሩ ቋንቋ ግሦች ገና ያልተጠቀምንባቸው ሀብቶች ናቸው። ወዛ፣ አቀረረ፣ አንጠባጠበ የሚሉት ከነ ደረጃቸው በመመሪያ መጻሕፍት ቢገቡ የውጭ ቃል ሳያስፈልግ ሳይንሳዊ መለያ ይሆናሉ። ሦስተኛ፣ አንድ ነባር ቃል ሁለት የማይቀላቀሉ ነገሮችን ሲሸፍን፣ እንደ ፍሬኑ ፈሳሽ ባለ ስፍራ፣ ልማድን ከማክበር ይልቅ መለየት ይቀድማል።

ሥራው ለነገ የሚባል አይደለም። ከጣልያናውያን ጠጋኞች ዘንድ በቀጥታ የተማረው ትውልድ እየመነመነ ነው። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህ ደግሞ የኤሌክትሪክ ሞተር የራሱን ቃላት ይዞ በመምጣት ላይ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ባልቦላ የለውም፤ ካንዴላም አያውቅም። በአገሩ ያሉት አሮጌ መኪናዎች ግን ገና ለብዙ ዓመታት ይጠገናሉ፤ ምትካቸው በቀላሉ የማይገባ እንደ መሆኑም ከቀድሞው ይልቅ በጥንቃቄ መጠገን ይኖርባቸዋል። ስለዚህ ቃላቱ የሚያስፈልጉበትና ቃላቱን የሚያውቁት ሰዎች የሚያንሱበት ዘመን አንድ ላይ ገጥመዋል። የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ወደ ጋራዥ ወርዶ፣ የዕቃውን ስም ዕቃው በእጅ እንደ ተያዘ ሊመዘግብ የሚገባው ጊዜ ይህ ነው።